የፕሌይስቴሽን «ሚሞሪ» ያድጋል ወይስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ጌም እጠግናለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ልጆች ናቸው። ሱቄ መስኮት ላይ ‹የፕሌይስቴሽን ሚሞሪ በኤስኤስዲ እናሳድጋለን› የሚል ለጥፌያለሁ። ባለፈው ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አስተማሪ አነበቡትና ‹ሚሞሪ ይሻሻላል እንጂ አያድግም፤ ሚሞሪም በአማርኛ ማኅደረ ትውስታ ነው› አሉኝ። ልጃቸው ‹ኤስኤስዲ ሀርድ ዲስክ› ሲልም ‹ኤስኤስዲ ሀርድ ዲስክ አይደለም› ብለው አረሙት። ማን ነው ልክ? ጽሑፉን ልቀይረው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ይቀይሩት። ግን አስተማሪው ባሉት መንገድ አይደለም። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ሀርድ ዲስክም ኤስኤስዲም ጌሙ ተጭኖ የሚቀመጥባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ፈጣኑ ኤስኤስዲው ነው።)

ከግሱ ልጀምር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። «አደገ» የምንለው ያው ራሱ ሆኖ ለበዛ ወይም ከፍ ላለ ነገር ነው። ልጅ ያድጋል፣ ጠጉር ያድጋል፣ ደመወዝም ያድጋል። ልጁ ሲያድግ አሮጌው ልጅ ወጥቶ አዲስ ልጅ አልገባም። አሁን እርስዎ ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣልዎ የሚያደርጉትን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በመጀመሪያው ሞዴል ላይ የሚያብረቀርቀውን የክዳኑን ክፍል ወደ ጎን ገፋ አድርገው ያነሡታል። ከሥሩ አንዲት ትልቅ ብሎን አለች፤ ጆይስቲኩ ላይ ያሉት ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀልና አራት ማዕዘን ተቀርጸውባታል። እሷን በካቻቪቴ ፈትተው ባለ 2.5 ኢንቹን ሀርድ ዲስክ ከነመያዣው ይስቡታል። የመያዣውን አራት ብሎኖች ይፈታሉ፣ አሮጌውን ያወጣሉ፣ በቦታው ኤስኤስዲውን አስገብተው መልሰው ያጠብቃሉ። የቀድሞው 500 ጊጋ ጠረጴዛዎ ላይ ቀረ። ታዲያ ምን አደገ? አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ። እንዲያውም ደንበኛው ገንዘቡ አጥሮት ባለ 480 ጊጋውን ኤስኤስዲ ከመረጠ ቦታው አንሷል፤ «አሳደግንልህ» ያልነው ነገር 20 ጊጋ ተቀንሶበት ወጣ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ አማርኛ ሁለት ግሶች አዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ «ቀየረ» እና «ተካ»። መካኒክ ጎማ ይቀይራል፣ ዘይት ይቀይራል፤ ማንም «ጎማ አሳደግሁ» ሲል አልሰማሁም። «ተካ» ደግሞ ከበድ ያለ ነው፤ የሄደው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ሌላ ማቆም ነው። በፊቱ ልጅ የሞተበት ቤት ለሚቀጥለው ልጅ «ምትኩ» ወይም «ተካ» የሚል ስም የሚያወጣው ለዚህ ነው። ለሀርድ ዲስክ ይህን ያህል ሐዘን አያስፈልግም፤ «ቀየረ» ይበቃዋል።

አስተማሪው ያቀረቡት «አሻሻለ» የባሰ ችግር አለበት። ቃሉ «ተሻለ» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፤ ያለውን ነገር ሳያስወግዱ የተሻለ ማድረግ ነው። «ማሻሻያ አዋጅ» ሲወጣ ነባሩ አዋጅ በቦታው አለ፤ የተነካው አንቀጽ ብቻ ነው። ነባሩ ጨርሶ ከተነሣማ «ተሻረ» ወይም «ተተካ» እንላለን። ከሕጉ ቋንቋ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ደንበኛው ነው። «ጌምህን አሻሻልንልህ» የተባለ ልጅ ቤቱ ሄዶ የሚጠብቀው የተሻለ ሥዕል ነው። ኤስኤስዲ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚያሳጥረው ጨዋታው እስኪከፈት የሚጠበቀውን ጊዜ ነው፤ ሥዕሉ ያው ነው። ያም ፍጥነት ገደብ አለው፤ በመጀመሪያው ሞዴል ዲስኩና ማሽኑ የሚነጋገሩበት መስመር በሰከንድ ከ3 ጊጋቢት አያልፍም። (ቢት ነው ያልኩት፣ ባይት አይደለም፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በአንድ ፊደል ስሕተት ዕቃውን ስምንት እጥፍ አድርጎ መሸጥ ይቻላል።) ልጁ ተመልሶ «ምኑ ነው የተሻሻለው?» ቢልዎ መልሱ ያስቸግራል። «ቀየርንልህ» ካሉት ግን የተቀየረውን አውጥተው ያሳዩታል።

እስካሁን ያልኩት ለፕሌይስቴሽን 4 ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ሲመጣ ግሱም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዚህ ማሽን 825 ጊጋ ማስቀመጫ እዚያው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በካቻቪቴ ተፈቶ አይወጣም። ክዳኑ ሲነሣ ግን አንድ ባዶ መሰኪያ አለ፤ ኩባንያው በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማዘመኛ ሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደው። እዚያ ውስጥ እንደ ማስቲካ ቀጠን ያለችውን ኤስኤስዲ፣ ሙቀት ከሚያበርድላት ብረት ጋር፣ ይሰካሉ። የወጣ ነገር የለም፤ የነበረው አለ፣ አዲሱ ተጨመረበት። እዚህ «ቀየርን» ቢሉ ሐሰት ነው። ትክክለኛው «ጨመርን» ነው፤ «ቦታውን አሳደግን» ቢሉም አልቃወምም፤ ማሽኑ ያው ሆኖ ቦታው በእርግጥ ሰፍቷልና። ስለዚህ መስኮትዎ ላይ ያለው ግስ ለአንደኛው ማሽን ልክ ነው፣ ለሌላው ስሕተት ነው። አስተማሪው የትኛውን ማሽን ይዘው እንደመጡ እርስዎ አልነገሩኝም።

ወደ «ሚሞሪ» ልለፍ። ቃሉ በእኛ ከተማ ሦስት ቤት ይኖራል። የስልክ መሸጫ ሄደው «ሚሞሪ አለ?» ቢሉ ጥፍር የምታክለውን ካርድ ያወጡልዎታል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ጋ ሚሞሪ ማለት ራም ነው፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ብቻ ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ። እርስዎ ደግሞ ጌሙ ተጭኖ የሚቀመጥበትን ዕቃ ማለትዎ ነው። አንድ ቃል ሦስት ዕቃ ሲይዝ በጨዋታ መካከል አያስቸግርም፤ ዋጋ የተለጠፈበት መስኮት ላይ ግን ያጣላል።

«ማኅደረ ትውስታ» የሚለው ትርጉም ያድነናል? እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ቃል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «ማኅደር» ከግዕዙ «ኀደረ» የወጣ ነው። ያው የእኛ «አደረ» ነው፤ አማርኛችን ኀን ጥሏት ቀረ እንጂ። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት፣ በጠፍር ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል፤ ዳዊቱ የሚያድረው እዚያ ነው። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም «ማኅደሩ ይውጣልኝ» ስትል የሰውየው ጉዳይ ሲያድርበት የከረመውን አቃፊ ማለቷ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያህል የማደሪያ ቃል ወስደን የሰጠነው ለማን ነው? ለራም። ራም ደግሞ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ የሚለቅ ዕቃ ነው፤ ምንም ነገር አያድርበትም! የሚያድረው ሀርድ ዲስኩ ላይ ወይም ኤስኤስዲው ላይ ያለው ነው። ይህንን ለማወቅ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ተቀምጦ ማየት ይበቃል። አንዱ ልጅ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ሌላው «እኔ ሴቭ አድርጌዋለሁ» ብሎ ይስቃል። የሁለተኛው ጨዋታ ማኅደር ውስጥ ገብቷል፣ የመጀመሪያው ደጅ ቀርቷል።

ስለዚህ ቃሉ የተሳሳተ ቤት ገብቷል ባይ ነኝ፤ ግን ከገባ ቆይቷል፣ ስልኮቻችንም በዚያው ትርጉም ይጠቀሙበታል፣ አሁን ላስወጣው አልችልም። ለእርስዎ ዕቃ ስልኮቹ «ማከማቻ» ይላሉ፤ ጥሩ ቃል ነው፣ «ክምችት» ከሚለው ጋር ስለሚዛመድ ማንም ሲያየው ይገባዋል። ደንበኞችዎ ደግሞ ከዚያ የቀለለ አላቸው። «ቦታ የለውም»፣ «ሞልቷል»፣ «አንዱን አጥፋና ይሄን ጫንልኝ» ነው የሚሉት። አንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ በሚወስድበት ዘመን «ቦታ» የሚለው ቃል ሙሉ ሥራውን ይሠራል። «ጊጋ» እና «ቴራ» ማለትም አያሳፍርም፤ «ባይት» የሚለውን መጣላችን «ሁለት ኪሎ ስኳር» ስንል «ግራም»ን እንደጣልነው ነው።

ልጁ «ኤስኤስዲ ሀርድ ዲስክ» በማለቱ መታረሙ አሳዝኖኛል። አስተማሪው በዕቃው ረገድ ልክ ናቸው። ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፣ በእርስዎ ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ያለው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም፣ ኪስዎ ውስጥ ላለው ፍላሽ ታላቅ ወንድሙ ነው። ቋንቋ ግን እንዲህ አይሠራም። «ባቡር» ወደ እኛ የመጣው እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓውያን ቃል ነው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ እንፋሎት የሚባል የለበትም፣ ስሙ ግን ባቡር ነው። ለልጁ ሀርድ ዲስክ ማለት ጌም የሚቀመጥበት ዕቃ ማለት ነው፣ ኤስኤስዲ ደግሞ ዓይነቱ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ይበል። እርስዎ ግን ሁለቱንም በተለያየ ዋጋ ስለሚሸጡ ለየብቻ ይጥሯቸው።

ኤስኤስዲ የእንግሊዝኛው «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ማሳጠሪያ ነው፤ «ሶሊድ»ን «ጠጣር» ብሎ መተርጎምንም አልመክርም። በትምህርት ቤት ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ብለን ስለተማርን የሚሰማው ሰው ድንጋይ ያስባል፤ እንደዚያ ከሆነ ከሁለቱ ይበልጥ ጠጣሩ ያ ሰሌዳ ያለበት ሀርድ ዲስኩ ነው። እንግሊዝኛው ራሱ ይህን ማለቱ አልነበረም። የቀድሞ ሬዲዮኖች እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ትራንዚስተር ከተፈጠረ በኋላ ኤሌክትሪኩ በባዶ ቱቦ ውስጥ መዝለሉን ትቶ በጠጣር ቁስ ውስጥ ይሄድ ጀመር፤ ስያሜው የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ በአንዲት «ጠጣር» ላይ መጫን አይቻልም። «ኤስኤስዲ» ይበሉ፣ ነጥብ ሳያስገቡ፤ «ኤስኤስዲው»፣ «ኤስኤስዲዎች» እያለ ቅጥያ ሲመጣበት ነጥቡ እንቅፋት ይሆናል። ካቻቪቴና ብሎን ጣልያንኛ ናቸው፤ አስተማሪው ራሳቸው ብሎን ሲጠፋባቸው «ብሎን» ብለው ነው የሚፈልጉት።

የእርስዎ ሥራ ቤት የራሱ ጥሩ ግስ እንዳለው ግን ልንገርዎ፦ «ገጠመ»። እርስዎ ኤስኤስዲ ይገጥማሉ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ልጆች በኳስ ይገጥማሉ፤ ከጎረቤት ያለው ባለቅኔም ይገጥማል። ሦስቱም ሁለት ነገሮችን ጫፍ ለጫፍ የሚያገናኙ ናቸው።

አሁን መስኮቱ ላይ ምን እንጻፍ? መጀመሪያ «ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ እንቀይራለን» ልልዎ ነበር፤ ከዚያ ልዋጭ ትዝ አለኝ። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው አሮጌ ልብስ በዕቃ ይቀይራል፤ ይህን «በ» የለመደ ደንበኛ ደግሞ አሮጌ ሀርድ ዲስኩን አስረክቦ ኤስኤስዲ በነጻ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉት፦ «ከፕሌይስቴሽን 4 ሀርድ ዲስክ አውጥተን ኤስኤስዲ እንገጥማለን። ለፕሌይስቴሽን 5 ተጨማሪ ኤስኤስዲ እንገጥማለን። ጌም እንጭናለን።» «እናስጭናለን» አይበሉ፤ የሚያስጭነው ደንበኛው ነው፣ የሚጭኑት እርስዎ ነዎት።

በፕሌይስቴሽን 4 ላይ አዲሱ ኤስኤስዲ ባዶውን ስለሚገባ ሴቭ የተደረገው አስቀድሞ ወደ ፍላሽ መወሰድ አለበት፣ ይህንንም ከታች ይጻፉት። እዚያ ላይ «ሴቭዎን አስቀድመው ይገልብጡ» የሚለው የመጽሐፍ አማርኛ ትክክል ነው፤ ሆኖም መገልበጥ መኪናንም ስለሚገለብጥ «ፍላሽ ላይ ኮፒ ያድርጉ» ቢሉ ማንም አይደነግጥም።