ፒዚካ ለመጨፈር የት ልሂድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦሎኛ ነው። በመጪው ኦገስት በደቡብ ጣሊያን ወዳለው ሳሌንቶ ወርጄ ፒዚካ የሚባለውን የገጠር ጭፈራ ማየት፣ ከተቻለም መጨፈር አስቤያለሁ። የትኛው መንደር ይሻለኛል? ከእስክስታ ሌላ ሞክሬ አላውቅም። ነጭ ቀሚስና ቀይ መሃረብስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ስሙ የገነነው ሜልፒኛኖ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ላ ኖቴ ዴላ ታራንታ» የተባለው ትልቅ ኮንሰርት በኦገስት መጨረሻ እዚያ ይደረጋል፤ መግቢያው ነጻ ነው። ሙዚቃው ግን ከመድረክ ነው የሚመጣው፤ ሕዝቡም ከመብዛቱ የተነሳ እንደልብ እግር ማንሳት አይቻልም። መጨፈር ከሆነ ሐሳብዎ፣ ኦገስት 15 (ነሐሴ 9) ማታ ሩፋኖ አጠገብ ወዳለችው ቶሬፓዱሊ ይሂዱ። የሳን ሮኮ (ቅዱስ ሮኮ) በዓል ዋዜማ ነው። ከበሮ መቺዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ሮንዳ» የሚሉትን ክብ ሠርተው እስኪነጋ ይመታሉ። ቀኑ የፌራጎስቶ በዓል ስለሆነ አውቶቡስና ባቡር አያስተማምንም፤ መኪና ካሁኑ ይያዙ።

ከበሮው ታምቡሬሎ ይባላል። በአንድ ወገኑ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ ሻኩራ ያለው፣ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው የሚመታ ነው። ሌሊት እርጥበት ሲገባው ቆዳው ይረግብና ድምፁ ይሰንፋል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ ችክችካ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። የሚያስቸግርዎ ትከሻዎ ነው። እስክስታ የለመደ ሰው ሳያስበው ከትከሻው ይነሳል፤ ፒዚካ ውስጥ ግን ደረት ቀጥ፣ ትከሻ ጸጥ ይላል፤ ሥራው ሁሉ የእግር ነው።

መነሻው እርምጃ ቀኝ-ግራ-ቀኝ፣ ከዚያ ግራ-ቀኝ-ግራ ነው። ከየሦስቱ የመጀመሪያዋን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፤ ሁለቱ ቀለል ይበሉ። ተረከዝዎን ትንሽ አንስተው በእግርዎ ፊት ይርገጡ እንጂ ከመሬት ብዙ አይራቁ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ሲያርፍ ይዘገያል፣ ጥቂት ሳይቆይም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሮንዳው መሃል የሚጨፍሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ቆመው ሁለት ሦስት ጥንድ ይመልከቱ። ከዚያ ከጎን ገብተው አብረውት ሊጨፍሩ ከፈለጉት ሰው ፊት ይቁሙ፤ ሌላው ቦታውን ይለቅልዎታል። አይነካኩም፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይቀራረባሉ፣ ይርቃሉ፣ ይዞራሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሌላ ሰው ሲገባብዎ ደስ ብሎዎት ይውጡ። ከመቺዎቹ ፊት ተገትሮ ቪዲዮ መቅረጽ ግን ክቡን ያፈርሰዋል፤ እባክዎ ይተዉት።

ሁለት ነገር አይሞክሩ። አንደኛው «ስኬርማ» ነው፤ ሁለት ሰዎች ጠቋሚና መሃል ጣታቸውን እንደ ጩቤ ቀስረው የሚፋለሙበት፣ የራሱ ሕግ ያለው ጭፈራ ስለሆነ በቅርብ ማየቱ ይበቃል። ሁለተኛው መሬት ላይ መንፈራገጥ ነው። ድሮ ሸረሪት ነደፈችን የሚሉ ሴቶች እንዲህ እየተንፈራገጡ በዚህ ምት ይታከሙ ነበር፤ ጁን 29 ቀንም ጋላቲና ወደሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር። ጣሊያናዊው የባህል አጥኚ ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሄዶ ያጠናው ይህንኑ ነው። የእነዚያ ሴቶች ስቃይ እውነተኛ ነበር፤ መጫወቻ ሊሆን አይገባም።

ነጭ ቀሚስና ቀይ መሃረብ የመድረክ ልብስ ነው፤ አያስፈልግዎትም። ሰፋ ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይበቃል። ጫማው ግን ተረከዝ የሌለውና እግር የሚይዝ ይሁን፤ በነጠላ ጫማ ድንጋይ ንጣፍ ላይ መዞር ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል።