መልስ፦ እናቴ በ67 ዓመታቸው በቀን አንዴ ብቻ በልተው ክብደት ቢቀንሱ ችግር አለው?
እህቴ፣ በቀን አንዴ የሚለውን ባይሞክሩት ይሻላል። በዚህ ዕድሜ ከስብ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻ ሲሳሳ ደግሞ መውደቅ ይመጣል። ስኳር አለባቸው ብለሻል፤ መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ መዝለል ስኳራቸውን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እኔ ብሆን ከወጡ ዘይት ነው የምጀምረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የኛ ሽሮ ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ ደግሞ ታውቂዋለሽ! እንጀራውን ቀንሰሽ ምስሩንና ጎመኑን በርከት አድርጊላቸው። በፍስክ እንቁላል ወይም አይብ ጨምሪ። በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለትም የእግር ጡንቻን ያጠነክራል፤ አጠገባቸው ቁሚላቸው እንጂ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ይበቃል።