ቢል የወፍ ነው የገንዘብ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔ አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ቢል ሲባል የመብራትና የስልክ ክፍያ ነው ቶሎ የሚመጣልኝ። ሰሞኑን ልጄ የሳይንስ ሆምወርኳ ላይ የዳክዬ ቢል የሚል አነበበችልኝ፣ ማታ ደሞ ዜናው ኮንግረስ ቢል አፀደቀ ይላል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው እንዴ? ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ መነሻቸው አንድ አይደለም፣ ለልጅሽም መጀመሪያ ይሄንን ንገሪያት፣ አለበለዚያ ዳክዬና ኮንግረስ የት እንደሚገናኙ ስትፈልግ በከንቱ ትደክማለች።

የወፉ ቢል ምንቃር ነው፣ ቃሉም የጥንት እንግሊዝኛ ነው። ቢክ ከሚሉትም ጋር ዛሬ ያው ነው፣ ድሮ ግን ቢክ የሚባለው እንደ ንስርና ጭልፊት ያሉ አዳኝ ወፎች ምንቃር ብቻ ነበር። የኛው ሰሜን ተራራ ላይ የሚታየው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ እንኳን የእንግሊዝኛ ስሙ ባለ ወፍራም ቢል ማለት ነው፣ ፎቶውን አሳያትና ምንቃሩ ከላይ እንዴት እንደጎበጠ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነጣ እንደሚል ትይ፣ አትረሳውም።

የወረቀቱ ቢል ግን ከላቲን ቡላ ነው የመጣው፣ የእንሰቱን ቡላ ማለቴ አይደለም፣ የነሱ ቡላ ማህተም ነው። ማህተም ያረፈበት ሰነድ በዛው ስም ተጠራ፣ ቀስ በቀስ ማንኛውም የተፃፈ ዝርዝር ቢል ተባለ፣ ያንቺ የመብራት ሂሳብም፣ የዶላሩ ኖትም፣ ረቂቅ ህጉም፣ ቢልቦርድ የምንለውም ከዚህ የወጡ ናቸው።

ዜናው ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሁለቱም ምክር ቤቶች ቢያፀድቁትም ገና ቢል ነው፣ በኛ ረቂቅ አዋጅ እንደምንለው። ህግ የሚሆነው ፕሬዝዳንቱ ሲፈርም ነው፣ ወይም ኮንግረስ ስራ ላይ እያለ እሁድን ሳይቆጥሩ 10 ቀን ሳይፈርም ሳይመልሰውም ካለፈ፣ ቪቶ ካደረገውም፣ ማለትም አልቀበልም ብሎ ከመለሰው፣ ሁለቱም ቤቶች ቪቶውን በ2/3 ድምፅ ሲሽሩት። በ1791 እ.ኤ.አ. የፀደቀው የመብቶች ቢል ግን ረቂቅ አይደለም፣ የህገ መንግስቱ የመጀመሪያዎቹ 10 ማሻሻያዎች ናቸው፣ እዛ ላይ ቢል ዝርዝር ለማለት ነው የገባው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይምታታበታል።

ቢል የሚባል ሰው ካለ ደሞ ዊሊያም ሲያጥር ነው፣ ሎንደን ውስጥ ኦልድ ቢል መጣ ካሉሽ ግን ፖሊስ ነው።