የሚዋኝ አሳ እንዴት ይቆጠራል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው በፈረንጅ አገር ጅረቶች ሳልሞንና ትራውት የተባሉ የቀዝቃዛ ውሃ አሳዎችን ስለሚቆጥሩ ባዮሎጂስቶች ጽፌ ነበር። ጥያቄ ጎረፈ። ከሰሜን ሸዋ የመጡትን ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን፦ በግ እንኳ በረት አስገብተን ስንቆጥር እንሳሳታለን። አሳ እንዴት ይቆጠራል?

እነሱም መጀመሪያ በረት ይሠራሉ። የጅረቱን አንድ ክፍል ከላይም ከታችም በመረብ ይዘጉታል። አንዱ ባትሪ አዝሎ ይገባና ከባትሪው የተያያዘ ዘንግ ውሃው ውስጥ ይነክራል። አሳው ለአፍታ ይደነዝዛል፤ ሌሎቹ በመረብ ያፍሱትና ቆጠራው እስኪያልቅ ለብቻ ያቆዩታል። ይህን 3 ጊዜ ይደጋግሙታል። እንበል መጀመሪያ 60 ወጣ፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 15። በየዙሩ በግማሽ እየቀነሰ ነው። በዚሁ ቢቀጥል ድምሩ ወደ 120 ይጠጋል። የተያዘው ግን 105 ብቻ ነው! ያላዩትን 15 በሂሳብ አገኙት ማለት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ሥራቸውን የወደድኩት።

ከመርሐቤቴ፦ እኛ ጋ ልጆች ብርብራ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ። ያው ማደንዘዝ አይደል?

አይደለም ወዳጄ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለ። አሳው ኦክስጅን ቢያገኝም እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ትልቁንም ጫጩቱንም፣ አሳው የሚመገባቸውን ነፍሳትም ሳይለይ ይፈጃል። ባዮሎጂስቶቹ ግን ለክተው፣ መዝነው፣ ሲነቃ ይለቁታል። እርግጥ ኤሌክትሪኩም ቀልድ አይደለም። ሲበዛ የአሳውን አከርካሪ ይሰብራል። እና አደራ፣ ባትሪ ተሸክማችሁ ጀማ ወንዝ እንዳትወርዱ፤ ሰውም ይገድላል።

ከአንኮበር፦ ዕድሜውን በምን ያውቃሉ?

በቅርፊቱ። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው። በብርድ ወራት እድገቱ ስለሚዘገይ ቀለበቶቹ ይጠጋጋሉ፤ በማይክሮስኮፕ ይቆጥሯቸዋል። ቅርፊቱን ሲወስዱ እንዳይፈራገጥ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ያስተኙታል። አዎ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ!

ከመሐል ሜዳ፦ የመንዝ ብርድ ለትራውት አይሆንም?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ግን ብርድ ብቻውን አይበቃውም። እንቁላሉን የሚቀብረው ጠጠር ውስጥ ነው፤ ደለል ከለበሰው ይታፈናል። ወንዞቻችሁ በክረምት ምን ተሸክመው እንደሚወርዱ ለእናንተ አልነግርም። ደግሞ ትራውት ሌላ አሳ ይበላል። እንግዳ ከመጋበዛችን በፊት የራሳችንን አሳ ብንቆጥር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከደብረ ሲና፦ በጾም አሳ ይበላል?

እሱን የንስሐ አባትህን።