የማን ልጅ ነህ የማይባልበት አገር

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቡሬ ልጅ ነኝ። ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ከገባሁ 3 ዓመት ሞላኝ። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ንጋት ላይ ደክሞኝ ባቡር ስሳፈር የሚያበሳጨኝ ነገር አይጠፋም። አንዱ ከነጫማው እግሩን ወንበር ላይ ይሰቅላል። ሌላው የስልኩን ድምፅ ለቆ ሙዚቃ ይሰማል። የሱፍ ቅርፊት መሬት ላይ የሚተፋም አለ። ባለፈው ወር አላስችል አለኝና አንዱን ጎረምሳ «እግርህን አውርድ፣ ሰው ይቀመጥበታል» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አንተ ደግሞ ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንድም የደገፈኝ የለም። አብሮኝ የሚኖረው የደጀን ልጅ «በሰው አገር አርፈህ ተቀመጥ» ይለኛል። ሌላው ጓደኛዬ «ግብር ትከፍል የለ? ተናገር» ይላል። እኔ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ አልመስልህ ይለኛል። ልናገር ወይስ ልተወው?

መልስ

ወንድምዓለም፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በራሴ ነው። ደብረ ማርቆስ ከመመለሴ በፊት ሙኒክ 12 ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

እስቲ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ትራም ውስጥ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጭቃ በጭቃ በሆነ ቡት ጫማ ወንበር ላይ ቆሟል። እናቱ ስልክ ታወራለች። እኔ እንደ አገሬ «ተው እንጂ የኔ ልጅ» ብዬ እግሩን ያዝ አድርጌ ወደ ታች ሳብ አደረግኩት። በፍቅር ነው፣ ማርያምን! እናቲቱ እንደ ነብር ተነሳች። «ልጄን አትንኪ!» ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ስለ ጫማው ያነሳ የለም። ወሬው ሁሉ የእኔ እጅ ሆነ። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድኩ። መውረጃዬ አልነበረም፤ የቀረውን በዝናብ በእግሬ ሄድኩ።

ያን ዕለት ተናደድኩ እንጂ ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ እዚህ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት ከማርቆስ ወደ እናንተ ቡሬ ስሄድ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ወንበር ስልኩን ለቆታል። ደምበጫ ሳንደርስ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ዞር አሉና «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ ስልኩን አጠፋ። ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋላ! አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሽማግሌው የልጁን አያት የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዙና ሰብረው ግማሹን ሰጡት።

የዚያ ጥያቄ ጉልበት ከየት እንደመጣ አስበው። ልጁ ባለቤት አለው። የሚያፍርበት ሰው አለ። ሽማግሌውም ያን ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ኮሎኝ ላይ ጎረምሳው አባቱን ቢጠራልህ ምን ታደርገዋለህ? ደግሞ ልብ ካልከው እሱም የጠየቀህ ይህንኑ ነው። «ከየት ነው የመጣኸው?» ሲልህ በክፉ አፉ የማን ልጅ ነህ ማለቱ ነው። ሁለታችሁም ባለቤታችሁ የማይታወቅ ሰዎች ሆናችሁ ተገናኛችሁ።

ጀርመኖች ሰው አይቆጡም ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። አንድ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቀይ መብራት ጥሼ መንገድ ተሻገርኩ። መኪና የለ፣ ሰው የለ። ከማዶ የቆመች አንዲት አሮጊት «ልጆች ቢያዩሽስ!» ብላ ጮኸችብኝ። የምን ልጅ ነው በዚያ ሰዓት? የቢቸናዋ አክስቴ ፈረንጅ ሆና የመጣች መሰለኝ። ለእግረኛ ቅጣቱ 5 ዩሮ ነው፤ ብከፍል ይሻለኝ ነበር። ግን አሮጊቷ የጠራችው ደንቡን ነው። ስለ አስተዳደጌ ምንም አላለችም። እኛ «ባለጌ»፣ «አሳዳጊ የበደለው» ስንል ሰውየውን ትተን እናት አባቱን ነው የምንመታው። ያ ደግሞ በየትኛውም አገር ቡጢ ያመጣል።

ስለዚህ ተናገር፤ ቁጣውን ግን ቤትህ አስቀምጠው። መጀመሪያ አንቱታ። የሥራ ቦታ ጀርመንኛ የለመደ ሰው ሁሉንም «ዱ» ማለት ይቀናዋል። እሱ «አንተ» ነው። ለማታውቀው ትልቅ ሰው «ዚ» በል፣ «እርስዎ» ማለት ነው። እስቲ አስበው፣ አንድ ባዕድ ሰው አባትህን «አንተ፣ እግርህን አውርድ» ቢላቸው? ቃሉ ልክ ቢሆንም የሚሰማው የለም። የእኛ «አፈር ስሆን» ለጀርመንኛ አይመችም፤ በ«ቢተ» ተብቃቃ፣ «እባክዎ» ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እሱ ጥፋት ትተህ አንተ የምትፈልገውን ጠይቅ። እግሩን የሰቀለው ጋ ሂድና «ይቅርታ፣ እዚህ ልቀመጥ?» በለው። እግሩ ሳይታዘዝ ይወርዳል። የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር ያደገ ሰው ይህን ከእኔ መማር አልነበረበትም! ሰሙ ወንበር ነው፣ ወርቁ እግርህን አውርድ ነው። ለሙዚቃውም «ሌሊት ስሠራ አድሬ ነው፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጉልኛል?» በል። አንዴ ብቻ። እምቢ ካለ ተነስተህ ሌላ ፉርጎ ግባ። ሁለተኛ ከተናገርክ ጠብ ነው። ረጅም ርቀት በሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች ምልክት የተለጠፈበት፣ ጫጫታ የማይፈቀድበት ክፍል አለ፤ እዚያ ከሆንክ ደንቡ ከጎንህ ነው፣ ቲኬት ተቆጣጣሪውን ጥራ። የሱፍ ቅርፊቱን እርሳው። ከተተፋ በኋላ ማን ይለቅመዋል?

ሰክሮ ወይም በቡድን ሆኖ የሚረብሽ ካየህ ጭራሽ አትናገር። እናትህ ከአረቄ ቤት የወጣ ሰካራም መንገድ ላይ ሲሳደብ ቆማ ትመክረዋለች? ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ማዶ ትሻገራለች እንጂ። ያሳደገችህ እኮ እሷው ናት።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጀርመን አገር ስድብ ራሱ ወንጀል ነው፤ በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 185 ያስቀጣል። የመሀል ጣት ማሳየትም ከዚያው ይቆጠራል። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ተከሳሹ አንተ ልትሆን ትችላለህ። ሌላው ስልክ ነው። ሰውየውን ቀርጸህ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው እንዳትል። ያለ ፈቃዱ የሰው ምስል ማሰራጨት ክልክል ነው፣ ንግግሩን በድብቅ መቅዳትም ያስከስሳል።

እስካሁን ያልኩህ ስለ ብልግና ነው። ሰው ሲጠቃ ካየህ ነገሩ ሌላ ነው። የደጀኑ ጓደኛህ «አርፈህ ተቀመጥ» እዚያ ላይ አይሠራም። አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ማለፍ በጀርመን ሕግ ያስጠይቃል። ግን አረዳዱ ዘዴ አለው። ሙኒክ እያለሁ የሆነውን አልረሳውም። 2002 ዓ.ም.፣ መስከረም 2፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ዶሚኒክ ብሩነር የሚባል የ50 ዓመት ሰው በከተማዋ ባቡር ውስጥ ጎረምሶች ልጆችን ሲያስፈራሩ አየ። ዝም አላለም። ፖሊስ ጠራ፣ ከልጆቹ ጋር ዞልን የሚባለው ጣቢያ ወረደ። ጎረምሶቹም ወረዱ። እዚያው ተደብድቦ ሞተ። መንግሥት ከሞተ በኋላ ኒሻን ሰጠው። እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ባቡር ውስጥ ቃል አልወጣኝም።

የጀርመን ፖሊስ ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር አለ፤ ያኔ ተለጥፎ አንብቤው እስካሁን አልረሳሁትም። ራስህን አደጋ ላይ ሳትጥል እርዳ። 110 ደውል። የአጥፊውን መልክና ልብስ ልብ በል። የተጎዳውን ሰው አትተወው። ምስክር ሁን። ከሁሉ የወደድኩት ግን «ሌሎችን በቀጥታ ጥራ» የሚለውን ነው። እኛ «የሰው ያለህ!» ስንል ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። እዚያ «የሰው ያለህ» ብትል ሁሉም ሌላው ሰው የተጠራ ይመስለዋል። «እርስዎ፣ ቀይ ጃኬት የለበሱት፣ ይርዱኝ» ስትል ግን ሰውየው ከስልኩ ቀና ይላል። ያን ዕለት አንድም የደገፈኝ የለም ያልከኝ፣ አንዳቸውንም በዓይንህ ሳትጠራ ቀርተህ ይሆናል።

ጥያቄ

እትዬ፣ የዳንግላ ሰው ነኝ። ልጄ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። በዕረፍቷ ቀን ሜትሮ ላይ በሴቶች ፉርጎ ገብቶ የተቀመጠ ወንድ አይታ በስድብ አጠበችው። ሳቅ በሳቅ ሆና ነገረችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አጥፍታለች?

መልስ

እታለም፣ ፉርጎውስ የሴቶችና የልጆች ነው። ወንድ ከገባበት 100 ድርሃም ይቀጣል። ልጅሽ እውነት አላት። ቀጪዎቹ ግን የሜትሮው ሠራተኞች ናቸው። ወደ እነሱ ሄዳ በጣቷ ብታሳያቸው ይበቃ ነበር።

መፍራትሽም ልክ ነው። እዚያ አገር ስድብ፣ በዋትስአፕ የተላከም ቢሆን፣ ወንጀል ነው። የውጭ ዜጋ ደግሞ ወደ አገሩ ሊባረርበት ይችላል። ያን ሁሉ ደላላ፣ ያን ሁሉ ብድር አስቢው፤ ለአንድ ወንበር ሲባል! ዛሬ ማታ ስትደውል ንገሪያት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የሰደበችው በአረብኛ ነው በአማርኛ? በአማርኛ ከሆነ ተኚ።