የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትዕዛዙ መጥቷል፣ ገንዘቡ የለም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ እንሰፋለን። አብረውኝ የሚሠሩት 9 ሴቶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ከሽያጩ እየቀነስን በአቅራቢያችን ባሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ወር አበባ እናስተምራለን። አሁን አንድ ድርጅት 6,000 ጥቅል አዘዘን። የሚከፍለው ግን ካስረከብን ከ2 ወር በኋላ ነው። ጨርቅ መግዣ የለኝም፣ ያሉን የስፌት መኪናዎችም አይበቁም። ለግራንት፣ ማለትም ለማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ፕሮፖዛል ባስገባሁባቸው ቦታዎች ሁሉ መልስ የለም። ሌላ የት ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። 6,000 ጥቅል የታዘዘልሽ ሥራሽን አይቶ ያመነበት ሰው ስላለ ነው።

በግልጽ ልንገርሽ፣ ለዚህ ትዕዛዝ ግራንት አትጠብቂ። የግራንት ገንዘብ ካመለከትሽበት ቀን አንስቶ ሒሳብሽ ውስጥ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ገዢሽ ያን ያህል አይታገስም። ደብዳቤሽን ሳነበው የጠየቅሽው አንድ ነገር አይደለም፣ ሦስት ነው። ጨርቅ፣ የስፌት መኪና፣ የትምህርት ቤቱ ሥራ። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋሉ። አንድ ፕሮፖዛል ውስጥ አጭቀሻቸው ከሆነ አንባቢው የቱን እንደሚደግፍ ግራ ይገባዋል።

ከጨርቁ እንጀምር። ይህ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የሚገባ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገዢውን ራሱን ቅድመ ክፍያ ጠይቂው። ብዙ ሴቶች ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፣ ትዕዛዙ የሚሰረዝባቸው ይመስላቸዋል። ቅድመ ክፍያ ስለተጠየቀ ብቻ ትዕዛዝ የሰረዘ ሰው እምብዛም አላየሁም። ምናልባት የቅድመ ክፍያ ዋስትና፣ ማለትም ባታስረክቢ ገንዘቡ እንደሚመለስለት የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ አምጪ ይልሽ ይሆናል፣ እሱን ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ ማግኘት ይቻላል። ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ርክክቡን ከፋፍሉት። 1,500 ታስረክቢና የዚያ ክፍያ በ15 ቀን ውስጥ ይግባልሽ፣ ከዚያ ቀጣዩን ትሰፊያለሽ። ይህ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

የቀረውን ጉድለት በብድር ሙዪው። መያዣ የለኝም ልትይ እንደምትችዪ አውቃለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 እንዳንቺ ላለው ሰው ነው የሚጠቅመው። ማሽን፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር መያዣ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። መዝገቡ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ ግን በደስታ አይቀበልሽም። አንዳንዱ የብድር ሠራተኛ ዛሬም ቢሆን ገና ሳትቀመጪ «ካርታ አለሽ?» ነው የሚልሽ። ተስፋ አትቁረጪ። ውሉንና የግዢ ትዕዛዙን ይዘሽ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ሌላ ተቋም ሂጂ።

እዚህ ላይ ስለ ሒሳብ መዝገብሽ አንድ ነገር ልበል። ማይክሮፋይናንስ ብድር ክፍል ስሠራ ካየኋቸው ሰነዶች ሁሉ የማልረሳው የእንጀራ ጋጋሪ ሴቶች ማኅበር ደብተር ነው። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙን ሊጥ የነካካው። በየቀኑ የጤፍ ዋጋ፣ የተጋገረው፣ የተሸጠው፣ ሳይሸጥ የተመለሰው ተጽፎበታል። ከጀርባው የእያንዳንዷ አባል ክፍያ ከነፊርማው አለ፣ መጻፍ የማትችለው ጣቷን አትማለች። የማገዶ ወጪ እንኳ አልቀረም። ኮሚቴው ቤትም ካርታም ሳይጠይቅ በቡድን ዋስትና አጸደቀላቸው። በዚያው ሰሞን በባለ ቀለም ወረቀት የታተመ፣ የ5 ዓመት ትርፍ የሚተነብይ የንግድ ዕቅድ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ያለፈውን ወር ደረሰኝ አሳየን ስንለው አልነበረውም። አንቺም የቤትሽን ወጪ ከሥራው ለይተሽ ዛሬውኑ መመዝገብ ጀምሪ። ለጋሹም አበዳሪውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የስፌት መኪናውን በሊዝ ውሰጂ። የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች የተቋቋሙት ለዚህ ነው። አንቺ የምትፈልጊውን መኪና፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን ኦቨርሎክም ጭምር፣ መርጠሽ ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ታቀርቢያለሽ፣ እነሱ ገዝተው ይሰጡሻል፣ አንቺ በየወሩ እየሠራሽ ትከፍያለሽ። ከፍለሽ ስትጨርሺ መኪናው ያንቺ ይሆናል። «አዲስ»፣ «ዋልያ»፣ «ደቦ» እና «ኦሮሚያ» የሚባሉት ድርጅቶች በየክልሉ የተቋቋሙ ናቸው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች በሊዝ ያቀርባል። ከመፈረምሽ በፊት ጥገናው የማን እንደሆነና አንድ ወር ክፍያ ብታሳልፊ ምን እንደሚሆን ጠይቂ።

ግራንት የሚያስፈልግሽ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ከፍለው አይማሩም፣ ስለዚህ ሌላ ሰው መክፈል አለበት። መቀሌ ላይ የማርያም ሰባ ፋብሪካን ያቋቋሙትን ፍሬወይኒ መብራህቱን ታውቂያቸዋለሽ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉት። ፋብሪካቸው ሞዴሱን ያመርታል፣ ይሸጣል። ዲግኒቲ ፔሪየድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ከፋብሪካው እየገዛ ከትምህርት ጋር ለተማሪዎች ያዳርሳል። የእርዳታው ገንዘብ ወደ ፋብሪካው የሚመጣው በግዢ መልክ ነው። ሠራተኞቹም የሚበሉት የላባቸውን ነው። አዲሱን ፕሮፖዛልሽን በዚህ መልክ ጻፊው፦ ለስንት ተማሪ፣ በስንት ትምህርት ቤት፣ የአንዷ ወጪ ስንት ብር። የጨርቅና የመኪና ጉዳይ ከውስጡ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ከቆራሌዎች ፕላስቲክ በጥሩ ዋጋ እየገዛን እንፈጫለን። ሥራውን ለማስፋት በኤንጂኦ ልመዝገብ ወይስ በፒኤልሲ? ውድድሮችስ ያዋጣሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትገዛና የምትሸጥ ከሆነ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ይሻልሃል። በሕጋችን ሶሻል ኢንተርፕራይዝ (እየነገደ ማኅበራዊ ችግር የሚፈታ ድርጅት) የሚባል ራሱን የቻለ የፈቃድ ዓይነት የለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ለስም ብቻ ዘመድ ማስፈረም ቀርቷል። ኤንጂኦዎችን የሚመለከተው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ድርጅቶቹ የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፣ ትርፉ ግን ለአባላት አይከፋፈልም። ባለሀብት አምጥተህ ድርሻ ልሽጥ ካሰብክ በዚያ መንገድ አይሆንልህም።

ስለ ውድድሮቹ፣ እንደ ሥራህ ዕድሜ ምረጥ። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ዕድሜው ከ5 ዓመት ላልበለጠ ሥራ 5,000 ዶላር ይሰጣል፣ ማመልከቻውም ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ነው የሚከፈተው። የጃክ ማ ፋውንዴሽን የአፍሪካ ቢዝነስ ጀግኖች ውድድር ደግሞ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለ10 ሰዎች ያከፋፍላል፣ የሚፈልገውም ቢያንስ 3 ዓመት የሠራና ገቢ ያለው ድርጅት ነው። ሥልጠናውና የምታገኛቸው ሰዎች ከሽልማቱ የማይተናነስ ጥቅም አላቸው፣ ሞክር። ነገር ግን ፋብሪካው ቆሞ በየአዳራሹ ለዳኞች ሥራህን ስታስተዋውቅ እንዳትከርም። ኢንተርፕሬነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩትንና ሶሻል ኢንተርፕራይዝ ኢትዮጵያን ሄደህ አነጋግር፣ የሥራ ጓደኞች ታገኛለህ። የጠብታ አምቡላንስ አገልግሎት መሥራች የሆኑትን የአቶ ክብረት አበበን ታሪክም ከዚያው መንደር ትሰማለህ። ቤታቸውን ሸጠው ነው አምቡላንስ የገዙት። በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ ቢሆንም አንተ ቤትህን እንድትሸጥ አልመክርህም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የእንጨት ሥራ እያስተማረ ያመርታል። 20,000 ዶላር ላስገባለት አስቤ ነበር። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው። እንደ ብድር ልስጠው ወይስ ድርሻ ልያዝ?

መልስ፦ ልብዎን ያብዛልን። በዶላር የሚመለስ ብድር ግን አይስጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የ20,000 ዶላር ዕዳ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር የነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። ጠረጴዛና ወንበር በብር የሚሸጥ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ብድር ካሉ በብር ይሁን፣ መመለሻውም ከሽያጩ ጋር የተያያዘ ይሁን።

ድርሻ ከፈለጉ መጀመሪያ የሚታየው በምን ስም እንደሚገቡ ነው። የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ ሲገባ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 150,000 ዶላር ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን መምረጥ ይችላሉ፣ ያኔ ይህ ወለል አይመለከትዎትም። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከሌለዎት አስቀድመው ያውጡ። ትርፉን መልሰው በዶላር የማውጣት ነገርም በዚህ ምርጫ ላይ ስለሚወሰን ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ዘመድ ነው ብለው በቃል አይለፉት። ድርሻው፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዳችሁ መውጣት ብትፈልጉ ምን እንደሚደረግ ተጽፎ ይፈረም። መምጣት ካልቻሉ በዋሽንግተኑ ኤምባሲ በኩል ውክልና ይስጡ። ገንዘቡም በባንክ ይለፍ፣ ደረሰኙን ሁለታችሁም ያዙት።