በሳሎናችን ፋየርፕሌስ ውስጥ እንጨት የሚነድበት ኢንሰርት ብናስገባስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን ጋሼ፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ቤታችን በፈረንጅ 1960ዎቹ የተሰራ የጡብ ቤት ሲሆን ሳሎን ውስጥ ትልቅ ክፍት ፋየርፕሌስ አለው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ብርዱን አልቻለችውም፣ እሳት ስናነድ ፊቷ ይሞቃል ጀርባዋ ይበርዳታል፣ ፎቅ ያለው መኝታ ቤቷ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። አንድ ሰው ያገለገለ ኢንሰርት በርካሽ ልሽጥላችሁ አለን፣ ገፋ አድርጎ ማስገባት ብቻ ነው፣ ላይነር ምናምን የሚሉት የጭስ ቱቦ ብር ለመብላት ነው ይላል። እውነት ነው? እናቴ ደግሞ ከሰል ቢደረግበትስ ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። ፎቁ የሚብሰው ወዶ አይደለም፣ ክፍት ምድጃ ሲነድ በሂተር ያሞቃችሁትን አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ያወጣዋል፣ በሱ ምትክ በየመስኮቱና በየበሩ ስንጥቅ ብርድ ይገባል። ከእንጨቱ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚቀረው 10 ፐርሰንት ቢሆን ነው። ኢንሰርት ግን መስታወት በር ያለው የተዘጋ የብረት ሳጥን ነው፣ አየር የሚያስገባው በልክ ስለሆነ ጥሩ የሚባለው 70 ፐርሰንት አካባቢ ያስቀርልሻል። ስለዚህ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ሰውየው የነገራችሁ ግን አደገኛ ነው በጣም።

ለምን መሰለሽ፣ የኢንሰርት ጭስ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 6 ኢንች ነው፣ የድሮ ቤት ቺምኒ ደግሞ ውስጡ 12 በ12 ኢንች ሊሆን ይችላል፣ ይሄ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ጭሱ እዛ ባዶ ቦታ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዛ ግድግዳው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጣበቃል፣ ፈረንጆቹ ክሪዮሶት የሚሉት። እናቶቻችን ማድ ቤት ጣሪያ ላይ የምናውቀው ጥቀርሻ ነው እንግዲህ፣ እዚህ ግን ጥቀርሻውን የተሸከመው ቺምኒ ቤቱ ጡብ ቢሆንም በወለሉና በጣሪያው እንጨት መሀል ነው የሚያልፈው፣ አንድ ቀን ከተቀጣጠለ እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፣ ቺምኒውን ከውስጥ የለበሰው ሸክላ የተሰነጠቀ ከሆነ እሳቱ ወደ ጣሪያው እንጨት ይገባል። በፈረንጅ 1970ዎቹና 80ዎቹ ያለ ላይነር እንዲሁ እየተገፉ የገቡ ኢንሰርቶች ብዙ ነበሩ፣ ቤት አቃጥለዋል። ስለዚህ ከኢንሰርቱ አናት ጀምሮ እስከ ቺምኒው ጫፍ ድረስ ሳይቋረጥ የሚሄድ የስቴንለስ ስቲል ላይነር ያስፈልጋል፣ ዙሪያውን ኢንሱሌሽን ቢለብስ ደግሞ ጭሱ ትኩስ እንደሆነ ይወጣል፣ ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው ኃይልም ይጠነክራል። የድሮው ዳምፐር፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን አፍ የሚከፍተውና የሚዘጋው የብረት ክዳን፣ ላይነሩን አላሳልፍ ካለ ይቆረጣል ወይም ይነሳል፣ በዛ ቦታ ዙሪያው በቆርቆሮና በሮክ ውል (እሳት የማይበላው የድንጋይ ጥጥ) ይዘጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ቺምኒው የሚያመልጠው በዛ ነው።

ብር መቆጠብ ከፈለጋችሁ ከሳጥኑ ላይ ቆጥቡ፣ ከላይነሩ ላይ በፍጹም። ያገለገለውንም አትግዙ አልልም፣ ከኋላው የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) ሌብል መኖሩን እዩ፣ ማኑዋሉ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፣ የፋየርፕሌሳችሁን ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ለኩ፣ ከኋላ በኩል የሚጠብ ስለሆነ የኋላውንም ለኩ። ሌብልም ማኑዋልም ከሌለው ተዉት፣ ኢንስፔክተሩም አያሳልፍላችሁም።

ለሰውየው ብር ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሰርቲፋይድ የሆነ ቺምኒ ስዊፕ (የጭስ ማውጫ ጠራጊ ባለሙያ) ጠርታችሁ ሌቭል 2 ኢንስፔክሽን አስደርጉ፣ ካሜራ አስገብቶ ሸክላውን ያያል፣ አዲስ ምድጃ ሲገባ ስታንዳርዱ የሚጠይቀውም ይሄንኑ ነው። ካውንቲያችሁ ፐርሚት ይጠይቅ እንደሆነ ደውሉ፣ ለቤት ኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ፣ ሳይነግሩ አስገብቶ በኋላ እሳት ቢነሳ መከራከሪያ ታጣላችሁ።

እንጨቱን በተመለከተ እርጥበቱ ከ20 ፐርሰንት በታች ይሁን፣ የእርጥበት መለኪያዋ ርካሽ ናት፣ ፍልጡን አዲስ ሰንጥቃችሁ መሀሉን ለኩ እንጂ ላዩን አይደለም። ኦክ ከሆነ ለመድረቅ እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፣ እርጥብ ካነደዳችሁ ላይነርም አያድናችሁ፣ ጥቀርሻው ይመለሳል። በዓመት አንዴ ይጠረግ።

ለእናትሽ ጥያቄ፣ ከሰል አይሆንም። ኢንሰርቱ ለእንጨት የተሰራ ነው፣ ከሰል ደግሞ ጭሱ ሳይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚይዘው። በየፎቁ፣ በተለይ እማማ የሚተኙበት ክፍል አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ኢንሰርቱ ሳይገባ አሁኑኑ አድርጉ።